የሐረማያ ውኃ በመጣበት መንገድ

ሐረር ለአሥርት ዓመታት የጠጣችው የሐረማያን ሐይቅ ነው። ሐይቁ በድሬዳዋ መንገድ ከከተማዋ 20 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ውኃው እዚያው ይጣራ ነበር። ከዚያ በቧንቧ ወደ እኛ ይመጣ ነበር። በ1997 ዓ.ም. አካባቢ ሐይቁ ደረቀ። ማጣሪያው ቆመ። ከተማዋም ፊቷን ወደ ድሬዳዋ ቆላ አዞረች። ዛሬ የምንጠጣው ከሀሰሊሶ ጉድጓዶች የሚወጣ ውኃ ነው። በፓምፕ እየተገፋ ዳገቱን ይወጣና 70 ኪሎ ሜትር ገደማ ተጉዞ ቤታችን ይደርሳል።

የድሮው ውኃ የመጣበት መሬት ግን የትም አልሄደም። ሐይቁም፣ በመንገዱ ላይ ያሉት አወዳይና ሐማሬሳም፣ የአሮጌዋ ከተማ መግቢያ የሆነው ሸዋ በርም ባሉበት አሉ። እኔ የምለው፣ ውኃው በመጣበት መንገድ አሁን ሰው ይሂድበት ነው። ከሐይቁ ዳር ተነስቶ፣ በእርሻውና በመንደሩ መሃል አልፎ፣ አሮጌዋን ሐረር በከበበው ጀጎል ግንብ ሥር የሚያበቃ የእግር መንገድ ይኑረን።

ሐሳቡን ሳነሳ ከወዳጆቼ የምሰማው መልስ ሁሌ አንድ ነው። «አቦ፣ መጀመሪያ ውኃው ይምጣ!» ይሉኛል። አይፈረድባቸውም። ፈረቃ የሚጠብቅ ቤት ስለ ሽርሽር መስማት አይፈልግም። እኔም ያደግኩት ቢጫ ጀሪካን በተደረደረበት ግቢ ነው። ሌሊት ቧንቧው መንጫጨት ሲጀምር ቤተሰቡ በሙሉ ይነሳ ነበር። ውኃ መጣ ማለት ነዋ። እናቴ እስከ ዛሬ ባዶ ባልዲ ካየች ዝም ብላ አታልፍም።

ግን ሁለቱ ጉዳዮች የሚጣሉ አይመስለኝም። የከተማችን ልጆች ውኃ ከግድግዳ የሚወጣ ነገር ነው ብለው ነው የሚያድጉት። ከየት እንደሚመጣ አያዩም። ሐይቁ ለምን እንደደረቀ አንድም ቀን በእግራቸው ሄደው አልጠየቁም። ከሐረማያ እስከ ሐረር የሄደ ሰው መልሱን በሜዳ ላይ ያነበዋል። ሌላም ምክንያት አለኝ። ያ መስመር ዛሬም በእግረኛ የተሞላ ነው። ወተት የሚያመላልሱ ሴቶች አሉ። ማገዶ የተሸከሙ አሉ። ተማሪ አለ፣ ገበያተኛ አለ። የሚሄዱት ግን በአስፋልቱ ጠርዝ ነው። ጫት የጫነ አይሱዙ በክላክስ እያስደነበራቸው ነው። ለቱሪስት ከማሰባችን በፊት ለእነሱ ማሰብ አለብን።

ሌላ አገር ይህ ነገር አዲስ አይደለም። ኒው ዮርክ ከተማ የክሮተንን ወንዝ ውኃ ማግኘት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ1842 ነው። ከጡብና ከድንጋይ የተገነባ፣ 66 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝም የመሬት ውስጥ ቦይ ነበር። ፓምፕ የለውም። በየኪሎ ሜትሩ 20 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ እየወረደ ውኃው በራሱ ክብደት ይሄድ ነበር። ጊዜ አለፈ፤ ከተማዋ አደገች፤ ትልልቅ መስመሮች ተሠሩ፤ አሮጌው ቦይ ከሥራ ወጣ። እ.ኤ.አ. በ1968 የኒው ዮርክ ግዛት መስመሩን ገዛውና ፓርክ አደረገው። ዛሬ 42 ኪሎ ሜትር ገደማ በላዩ ላይ በእግር ይኬዳል። በሰዎች ጓሮ በኩል፣ በትናንሽ ከተሞች መሃል ያልፋል። በየመንገዱ ለቦይው አየር ማስገቢያ የተሠሩ የድንጋይ ማማዎች ቆመዋል። በአንዳንድ ቦታ መንገዱ ይቋረጣል። እግረኛው ወደ ተራ ጎዳና ወጥቶ ጥቂት ሄዶ ይመለሳል። ይህን የማነሳው ያለ ምክንያት አይደለም። መንገድ እዚህም እዚያም ስለተቆረጠ አይበላሽም። ሰው የት እንደሚወጣና የት እንደሚመለስ ካወቀ ይበቃል።

የቦስተን አካባቢ ነገር ደግሞ ለእኛ ይበልጥ የሚቀርብ ይመስለኛል። እዚያ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻና በ20ኛው መጀመሪያ የተሠሩ ሰድበሪና ዌስተን የሚባሉ የውኃ መስመሮች አሉ። የየቀን ሥራቸውን ቢያቆሙም የውኃ ባለሥልጣኑ ለክፉ ቀን ብሎ ያዛቸው። ለረጅም ጊዜ «መግባት ክልክል ነው» የሚል ምልክት ነበረባቸው። ሰው ግን ይሄድባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2012 ባለሥልጣኑ አንድ አሠራር ዘረጋ። መሬቱ የእሱ ሆኖ ይቀጥላል። በመስመሩ ላይ ያሉት ከተሞች እየተፈራረሙ ፈቃድ ይወስዳሉ፤ መንገዱን ከፍተው ይንከባከባሉ። አንዱ ከተማ ቀድሞ ከፈረመ ቀድሞ ይከፍታል። ሌላው ሲደርስ ይቀጥልበታል። ማንም ማንንም አልጠበቀም። መንገዱ በቁራጭ በቁራጭ እየተገጣጠመ መጣ።

የእኛን ከእነሱ የሚለየው ብዙ ነው። የእነሱ ትልቅ የግንብ ቦይ ነው። ላዩ ሜዳ ነው፤ ሰፊ ነው፤ ባለቤቱም አንድ ነው። የእኛ ቧንቧ ነው። ቧንቧ በግፊት ስለሚሠራ ጉብታውንም ሸለቆውንም ይከተላል። በዚያ ላይ መሬቱን ገበሬ ያርሰዋል። ስለዚህ ቧንቧው በተቀበረበት ልክ፣ ሜትር በሜትር፣ መንገድ ይሠራ አልልም። አቅጣጫውን እንከተል ነው የምለው። ሐረማያ ከባሕር ጠለል በላይ 2000 ሜትር ገደማ ነው። ሐረር 1885 ሜትር ገደማ። ከሐይቁ ወደ ከተማ የሚመጣ ሰው በጠቅላላው ቁልቁል ነው የሚመጣው። ጉልበት ላነሰው አዛውንትም ይሆናል።

ከሐይቁ ልነሳ።

ሐረማያን ሰው የሚያስታውሰው በወፎቹ ነው። አባቴ በወጣትነቱ በዳርቻው ስለሚቆሙት ፍላሚንጎዎች ሲያወራ ዓይኑ ይበራል። በኋላ ያ ሁሉ ውኃ ሄደና በደረቀው የሐይቁ ወለል ላይ ከብት ተሰማራ። አፈሩ ተሰነጠቀ። ስለ መድረቁ ብዙ ተጽፏል፤ ብዙም ተጠንቷል። ምክንያቱ አንድ አይደለም። በዙሪያው ያለው ገበሬ በሞተር ውኃ እየሳበ ድንች፣ ሽንኩርት፣ ካሮትና ጫት ያጠጣ ነበር። ሐረር ትጠጣ ነበር። የመንገዱ ከተሞችም ይጠጡ ነበር። ከላይ ያለው ተራራ ዛፉ ተመንጥሮ አፈሩ በየክረምቱ ወደ ሐይቁ ይወርድ ነበር። ደለሉ ሲሞላ ሐይቁ ጥልቀት አጣ። ጥልቀት ያጣ ውኃ ደግሞ ለፀሐይ ይጋለጣል፤ ቶሎ ይተንናል።

እኛ ከተሜዎች ጥፋቱን በሙሉ ጫት ላይ ማድረግ ይቀናናል። ፍትሐዊ አይመስለኝም። ጫቱን የሚቅመው ማን ነው? ውኃውን የጠጣውስ? ገበሬው ሞተሩን ሲያስነሳ እኛ ቧንቧውን ከፍተን ነበር። የእግር መንገዱ ከሐይቁ ይጀምር የምለው ለዚህ ነው። መነሻው ላይ ቀላል ሰሌዳ ይቁም። የድሮው የውኃ ልክ የት ድረስ እንደነበር የሚያሳይ የድንጋይ ምልክት ይተከል። ልጅ እዚያ ድንጋይ ላይ ቆሞ ውኃው አሁን ያለበትን ቢያይ የመጽሐፍ አንድ ምዕራፍ ያህል ይገባዋል።

ደስ የሚለው ሐይቁ ሙሉ በሙሉ ሞቶ አልቀረም። በተፋሰሱ ላይ እርከን ተሠራ፤ ችግኝ ተተከለ፤ ደለል ተጠረገ። ባለፉት ዓመታት ውኃ ተመልሷል። ወፎችም መጥተዋል። የተመለሰው ውኃ ግን በእጅ የተያዘ ነገር አይደለም። ዘንድሮ ዝናብ ከሰነፈ፣ ሞተሩም ከበረታ፣ እንደገና ሊሸሽ ይችላል። ሐይቁን የሚጠብቀው በየሳምንቱ የሚያየው ሰው ነው። መንገድ ካለ የሚያይ ሰው አይጠፋም።

ሐረማያ ዩኒቨርሲቲም በአቅራቢያው ነው። በ1940ዎቹ በእኛ አቆጣጠር የግብርና ኮሌጅ ሆኖ ሲመሠረት ጀምሮ ስለ አፈርና ውኃ ሲያስተምር የኖረ ተቋም ነው። የመስመሩን ካርታ ለማንሳት ከውጭ ኩባንያ መቅጠር አያስፈልገንም። ስልክ የያዙ ተማሪዎች በጂፒኤስ እየሄዱ ሊመዘግቡት ይችላሉ። የት ቁልቁለት አለ? የት ቦረቦር ተቆርጧል? የት ጥላ አለ? የት ነው ክረምት ላይ የሚጨቀየው? አራት ጥያቄ ይበቃል። ይህ ሥራ ለአንድ ሴሚስተር የሚሆን የተግባር ትምህርት ነው።

ከሐይቁ እስከ አወዳይ ያለው ክፍል ለእኔ ከሁሉ ያምራል። ማሽላና ጫት ጎን ለጎን ይበቅላሉ። ዋንዛ በእርሻው መሃል ቆሞ ጥላ ይሰጣል። የሐረርጌ ገበሬ ድንጋይ አደራደር ያስገርመኛል። ተዳፋቱን በድንጋይ ካብ እየከፋፈለ አፈሩን ያዘው። መንገዱን የሚሠራ ሰው ከእነዚህ ገበሬዎች መማር አለበት። የእግር መንገድ ትልቁ ጠላት ጎርፍ ነው። ውኃ መንገዱን ቦይ ካደረገው በአንድ ክረምት ጨርሶ ያርሰዋል። በየጥቂት ሜትሩ በጎን የሚያስወጣ ዝቅ ያለ የድንጋይ መስመር ያስፈልጋል። ይህን መሐንዲስም ያውቀዋል። ገበሬው ግን ከመሐንዲሱ በፊት ያውቀው ነበር። ሥራውም ለእሱ ቢሰጥና ቢከፈለው እመርጣለሁ።

አንድ ነገር ደግሞ በጥንቃቄ። በ20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ የተቀበሩ የውኃ ቧንቧዎች በብዙ አገር ከአስቤስቶስ ሲሚንቶ ይሠሩ ነበር። ያ ነገር ተቀብሮ እስካለ አይጎዳም። ሲሰበርና ሲቦን ግን ለሳንባ አደገኛ ነው። ስለዚህ ቧንቧው ከምን እንደተሠራ ሳይታወቅ ማንም ዶማ አያንሳ። የቫልቭ ጉድጓዶችም ክፍት ሆነው ከተገኙ መጀመሪያ ይከደኑ። ልጅ ይገባባቸዋል፤ ፍየልም ይገባባቸዋል። ባሕር ዛፍ በመስመሩ ላይ አይተከል። ሥሩ ቧንቧ ይፈልጋል፤ ውኃውንም ይጨርሳል። ወይራና ዋንዛ ይሻላሉ። እነሱም ቢሆኑ ከቧንቧው ፈንጠር ይበሉ።

አወዳይ ላይ ነገሩ ይከብዳል። አወዳይን የማያውቅ የለም። የጫት ገበያው ከድሬዳዋ አልፎ ጅቡቲና ሶማሌላንድ ድረስ የሚሰማ ነው። ከሰዓት በኋላ ሰውና መኪና ተደባልቆ ዋናው መንገድ ይጠፋል። የእግር መንገዱ ዕጣ የሚወሰነው እዚህ ነው። በሁለቱም በኩል የፈለገውን ያህል የሚያምር መንገድ ብንሠራ፣ አወዳይ ላይ እግረኛው አስፋልቱን በሰላም መሻገር ካልቻለ መንገዱ ለሁለት ተቆርጧል ማለት ነው። እናት ልጇን ብቻውን አትልክበትም። ስለዚህ እኔ ብጠየቅ የመጀመሪያውን ብር እዚህ ነው የማወጣው። መኪናው ቀስ የሚልበት ከፍ ያለ ማቋረጫ፣ መብራት፣ በገበያው ሰዓት የሚቆም ትራፊክ። ለፎቶ የሚሆን ነገር የለውም። መመረቂያ ሪባን የሚቆረጥበትም አይደለም። ግን ያለ እሱ የቀረው ሁሉ ከንቱ ነው።

ዕቅድ ሲነደፍ ሁሌ የማየው ችግር ይኼው ነው። ቀላሉና የሚያምረው ክፍል ቀድሞ ይሠራል። አስቸጋሪው መጋጠሚያ ለሚቀጥለው በጀት ይተላለፋል። የሚቀጥለው በጀት ደግሞ አይመጣም። መንገዱ ከየትም ወደ የትም የማያደርስ ሆኖ ይቀራል። ሣር ይበቅልበታል፤ ቆሻሻ ይጣልበታል። የተያያዘ መንገድ ከፈለግን ከመጋጠሚያው እንጀምር።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መሬቱ።

በዚያ አቅጣጫ በእግሬ ስሄድ ጫታቸውን የሚኮተኩቱ አንድ አዛውንት አገኘሁ። ሰላም ተባባልን። «ኦቦ፣ የድሮው ውኃ በዚህ አልፎ ነበር እንዴ?» አልኳቸው። አለፍ ብሎ ያለውን ካብ በእጃቸው አሳዩኝ። ከዚያ ለምን እንደምጠይቅ ጠየቁኝ። የእግር መንገድ ሐሳቤን ነገርኳቸው። ረጋ ብለው አዳመጡኝና «መጥተው ይለካሉ። ቀይ ቀለም ይቀባሉ። ከዚያስ ልጄ?» አሉ።

ለዚህ ጥያቄ ቁርጥ ያለ መልስ ሳይዙ ዕቅድ ማውጣት ነውር ነው። በቅርብ ዓመታት በከተሞቻችን መንገድ ሲሰፋና ሲያምር አይተናል። ጀጎልም ዙሪያዋን ጸድታ ሳያት ደስ ይለኛል። ይሁን እንጂ ገበሬ ስለ መንገድ ሲሰማ መጀመሪያ የሚያስበው የሚነቀል ጫቱን ነው። ጫት ተተክሎ ለምርት እስኪደርስ ዓመታት ይፈጃል። በዓመቱ ተዘርቶ የሚታጨድ ነገር አይደለም። ከሐረር ወደ ሐረማያ ባለው ጠባብ መሬት ላይ አንድ ረድፍ ጫት የአንድ ተማሪ ደብተርና ዩኒፎርም ነው።

ስለዚህ አቋሜን ግልጽ ላድርግ። በዚህ መንገድ ምክንያት አንድም ሰው መሬቱን መነጠቅ የለበትም። አንድም ቤት መፍረስ የለበትም። የሚያስፈልገው ለእግረኛ የማለፍ መብት ብቻ ነው። ስፋቱ ሁለት ሜትር ይበቃል፤ ጠባብ ቦታ ላይ አንድ ሜትርም ይሆናል። መሬቱ በገበሬው ይዞታ ይቀጥላል። በድንበሩ ላይ፣ ቀድሞም ሰው በሚሄድበት የእግር ዱካ ላይ፣ መንገዱ ያልፋል። ገበሬው ካልፈለገ መንገዱ ይዞራል። ከፈለገ ደግሞ መንገዱን ለመጠበቅ በየዓመቱ ይከፈለዋል። ስምምነቱ በቃል አይሁን። በቀበሌው ፊት ይጻፍ። በኦሮምኛም በአማርኛም ይጻፍ። ለገበሬው አንድ ቅጂ ይሰጠው።

አንዳንድ ሰው ይህ ሁሉ ልመና ሥራውን ያዘገየዋል ይለኛል። ይዘግይ። በሕገ መንግሥታችን መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ነው። በተግባር ግን መሬቱን የሚያውቀው የሚያርሰው ሰው ነው። እሱ ያልወደደው መንገድ እሾህ ይታጠርበታል። እሱ የወደደውን መንገድ ግን ማንም አያበላሸውም። ሌሊት የሚጠብቀው እሱ ነው። ጎርፍ የሸረሸረውን ጠዋት የሚያየውም እሱ ነው።

የአስተዳደሩ ነገር ሌላ ራስ ምታት ነው። ሐረሪ ክልል በአገሪቱ ትንሹ ክልል ነው። ዙሪያውን ምሥራቅ ሐረርጌ ከቦታል። መንገዱ የሚጀምረው ኦሮሚያ ውስጥ ነው፤ የሚያበቃው ሐረሪ ውስጥ። ውኃው መምጣት በጀመረበት ዘመን ይህ ድንበር አልነበረም። አሁን አለ። አንዱ ሌላውን ከጠበቀ ምንም አይሠራም። የቦስተኑን አሠራር የወደድኩት ለዚህ ነው። ሐረር የራሷን ቁራጭ ትጀምር፤ ከሸዋ በር እስከ ሐማሬሳ አቅጣጫ። በዚያ በኩል ደግሞ ከሐይቁ እስከ አወዳይ ይጀመር። አንድ የጋራ ነገር ብቻ ይኑር። ምልክቱ አንድ ይሁን። እግረኛ የአስተዳደር ወሰን ማለፉን ማወቅ የለበትም። ያው ድንጋይ፣ ያው ቀለም፣ ያው ቀስት እስከ መጨረሻው ይምራው።

ጀጎል ሲደርስስ? ብዙ ሰው መንገዱ ሸዋ በር ላይ ያልቃል ብሎ ያስባል። ለእኔ እዚያ ነው የሚከፈተው። አሚር ኑር በ16ኛው ክፍለ ዘመን ያስገነባው ግንብ ዙሪያው ከ3 ኪሎ ሜትር ጥቂት ይበልጣል። አንድ ሰው ቀስ ብሎ ቢሄድ በአንድ ሰዓት ያህል ይዞረዋል። የጥንቶቹ በሮች አምስት ናቸው። ስድስተኛው፣ ሐረር በር፣ በኋላ የተከፈተ ነው። እያንዳንዱ በር የራሱ ገበያ፣ የራሱ መንገድ፣ የራሱ ገጠር አለው። ኤረር በር የሚገባው ሰው ከኤረር ሸለቆ ነው የሚመጣው። ሸዋ በር ላይ ያለው ግርግር ደግሞ ሌላ ነው። ከሐረማያ የመጣው መንገድ ከግንቡ ዙሪያ መንገድ ጋር ከገጠመ፣ ነገ ከኤረር በር ወደ ምሥራቅ ሌላ ቅርንጫፍ ይወጣል። ከቡዳ በርም እንዲሁ። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2006 ጀጎልን በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ ብዙዎቻችን ግንቡን ብቻ ነበር ያየነው። ከተማዋን ያኖራት ግን በእነዚያ በሮች የገባው ገጠር ነው። እህሉ፣ ወተቱ፣ ማገዶው፣ ውኃው።

ስለ ጅብ ሳልናገር ብቀር ሐረር አልጻፍኩም ማለት ነው። ጅቦቻችን የከተማዋ አካል ናቸው። ግንቡ ሥር ለእነሱ መግቢያ የሚሆኑ ቀዳዳዎች አሉ። ማታ ማታ በሸለቆውና በጫቱ መሃል ይመጣሉ። ስለዚህ መንገዱ የቀን መንገድ ይሁን። በየመንደሩ መብራት ተክሎ ሌሊቱን ሙሉ ክፍት ማድረግ ለሰውም ለጅብም አይበጅም። ለሴቶች ደህንነት ግን ጅቡ አይደለም የሚያሳስበኝ። የሚያሳስበኝ በሁለቱም በኩል ከፍ ያለ ጫት ያለበት፣ ማንም የማያየው ጥምዝ ነው። እንዲህ ያለ ቦታ ላይ መንገዱ ወደ መንደሩ ይጠጋ። ቆንጆ ዕይታ ቢቀር ይቅር። ወተት የሚሸጡ አንዲት አዴ ይህንኑ ነው የነገሩኝ። «ሰው የሚያየኝ መንገድ አምጡልኝ፤ ሩቅ ቢሆንም እሄድበታለሁ» አሉኝ። ከሰማሁት የዕቅድ ምክር ሁሉ ይህን የሚያህል የለም። በቀጥታ ወደ ካርታው መግባት አለበት።

20 ኪሎ ሜትሩን በአንድ ቀን የሚሄደው ጥቂት ሰው ነው። ጥሩ እግር ላለው አምስት ሰዓት ያህል ነው። ብዙው ሰው የሚሄደው ከመንደሩ እስከሚቀጥለው ገበያ ነው። ተማሪው እስከ ትምህርት ቤቱ። ታዲያ መንገዱ በየመሃሉ ሰው የሚወጣበትና የሚገባበት ይሁን። በየመውጫው ባጃጅ ይገኝ። ጥላና መቀመጫ ድንጋይ ይኑር። በተቻለ መጠን ደግሞ ውኃ። ውኃ ባመጣ መስመር ላይ የሚሄድ ሰው ውኃ ጠማኝ ቢል የማን ነውር ነው? ቢያንስ በሦስት ቦታ ንጹሕ የሕዝብ ቦኖ ይቁም። ቦኖው ለእግረኛው ብቻ አይሁን፤ ለመንደሩም ይሁን።

ገንዘቡን በተመለከተ፣ ይህ ውድ ሥራ አይደለም። አስፋልት የለውም፤ ሴራሚክ የለውም። ድንጋዩ እዚያው አለ፤ እጁም እዚያው አለ። ውድ የሚሆነው የአወዳይ ማቋረጫና ቦረቦር ላይ የሚሠሩት ጥቂት የእግረኛ ድልድዮች ናቸው። ለእነሱ በጀት ይያዝ። የቀረው በሰው ጉልበትና በትዕግሥት ይሠራል።

እስከዚያው ማንም ሳይፈቅድልን የምንጀምረው ሥራ አለ። የድሮውን መስመር የሚያውቁት ሰዎች እያረጁ ነው። ማጣሪያው ላይ የሠሩ አሉ። ቧንቧ ሲቀበር በቀን ሠራተኝነት የቆፈሩ ሊኖሩ ይችላሉ። ሲፈነዳ ሮጠው የጠገኑ አሉ። እነሱን ይዞ መሄድና የሚሉትን መቅዳት ያስፈልጋል። እዚህ ቫልቭ ነበረ፤ እዚህ ጎርፍ በልቶት መስመሩን አዞርነው፤ ይህ ካብ የተሠራው ያኔ ነው የሚሉትን። ከእነሱ ጋር ዕውቀቱ ከሄደ መስመሩን ለማግኘት መሬት መቆፈር ሊኖርብን ነው። በቤታችሁ እንዲህ ያለ ሰው ካለ፣ አባትም ይሁን አያት፣ በዚህ ሳምንት ጠይቁት። ስልካችሁ ላይ ድምፁን ያዙ። የቦታውን ስም በሰፈሩ ሰው አጠራር ጻፉ።

የመጀመሪያው ስብሰባ ደግሞ ሐረር አይሁን፤ አወዳይ ይሁን። ጠዋት ይሁን፤ ገበያው ሳይሞቅ። ወተት ሻጮቹ ከሐረር የሚመለሱበት ሰዓት ይጠየቅና በእሱ ይቀጠር። ካርታው ወለል ላይ ይዘርጋ። መጀመሪያ እነሱ ይናገሩ።